በሰዒድ ድስት ውስጥ የጨመርኩት

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለእህቴ አልነገርኩም፣ ለልጄ አልነገርኩም፣ ለራሱ ለሰዒድም ሳልነግረው አፈር ገባ። ለአላህ ነግሬዋለሁ፤ እሱ ግን ድሮም ያውቀው ነበር። ለሚያውቅ መንገር ምን ድፍረት ይጠይቃል? እናንተ አታውቁኝም። ፊታችሁን ስለማላይ ይቀለኛል ብዬ ነበር፤ ይኸው ገና ስጀምር ከበደኝ።

ዘይነባ እባላለሁ። አዳማ ገበያ ውስጥ ቅመማ ቅመም እሸጣለሁ፤ በርበሬ፣ ሽሮ፣ ኮረሪማ፣ ጨው። አዎ፣ ጨውም እሸጣለሁ። ባሌ ሰዒድ የአይሱዙ ሹፌር ነበር፤ ከዓለም ጤና ከተማ ሽንኩርት እየጫነ ሻሸመኔ ያራግፍ ነበር። ሁለታችንም ቤተሰቦቻችን ከወሎ የመጡ ናቸው፣ ሁለታችንም ያደግነው እዚሁ ነው። አንዲት ልጅ አለችን፣ ሀናን።

ሰዒድን ብታዩት ኖሮ! ቦርጩ መሪውን የሚነካ፣ ሰፈራችን ሲገባ ጥሩምባውን ነፍቶ ሕፃናቱን ሁሉ የሚያስወጣ፣ ከአጥሩ ማዶ «ዘይኑ! ራበኝ!» ብሎ የሚጮህ ሰው ነበር። ሲስቅ ጎረቤት ይሰማዋል። ሲናደድም ጎረቤት ይሰማዋል። ሽንኩርት ደግሞ የሚያናድድ ጭነት ነው፤ ሙቀት አይችልም፣ ዝናብ አይችልም፣ መቆየት አይችልም። ትራፊክ ሲያስቆመው ይናደዳል፣ ደላላ ሲያጭበረብረው ይናደዳል፣ ጎማ ሲፈነዳ መሬቱን ይሳደባል። እንቅልፍ እንዳይጥለው ጫቱን በጉንጩ ወጥሮ፣ በላዩ ለስላሳ እየጠጣ ነው መንገዱን የሚገፋው። ቤት ሲገባ ደግሞ እኔ በቅቤ ያሳበድኩትን ወጥ አቀርብለታለሁ። እጄን ያውቁታል፤ ዘይነባ የሠራችው ወጥ ተብሎ ለሰርግ የምጠራ ሴት ነኝ።

ታዲያ ራስ ምታት ያዘው። ማጅራቱን ይዞ ነው የሚውለው። እየጎተትኩ ጤና ጣቢያ ወሰድኩት። ሲስተሯ ክንዱ ላይ ያንን ጨርቅ ጠቅልላ የደም ግፊቱን ለካችው፣ ደግማ ለካችው፣ ከዚያ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

«አቶ ሰዒድ፣ እርስዎ ሹፌር ነዎት አይደል? ከልክ በላይ በተነፋ ጎማ ሻሸመኔ ይሄዳሉ?»

«እንዴ፣ ማን ይሄዳል!»

«ታዲያ ይኸው እየሄዱ ነው» አለችው። መድኃኒት ሰጠችው፤ ግን መድኃኒቱ ብቻውን አይበቃም አለች። ጨው ይቅር፣ ቅቤ ይቅር፣ ጫት ይቅር። ይራመዱ። ንዴትዎን ይያዙ። ይቺን የመጨረሻዋን ስትል እኔ ሳቅሁ። ሰዒድና ንዴት መያዝ! እሱ ግን አልሳቀም።

በማግስቱ ገበያ ወጥቶ ክዳኗ ላይ አበባ ያለባት ትንሽ ሰማያዊ ድስት ገዝቶ መጣ። ሱቅ ድረስ ይዟት መጥቶ ከሚዛኑ አጠገብ አስቀመጠልኝ። «ይቺ የኔ ናት፣ ዘይኑ። በዚህች ውስጥ ጨው እንዳይገባ። ሌላውን እኔ እችለዋለሁ፤ ድስቷን ላንቺ ሰጥቻለሁ። አደራ።» አደራ ነው ያለኝ። ቃሉን አልረሳሁትም።

ከዚያ በኋላ የመጣው ጊዜ፣ ወላሂ፣ ከሕይወቴ ሁሉ የሚናፍቀኝ እሱ ነው። ሱብሂ ሰግደን፣ ፀሐይዋ ሳትከር፣ ሁለታችን እንወጣለን። ጋሪዎቹ ገና ፈረስ እየተጠመደባቸው፣ ባጃጆቹ እየተወለወሉ፣ ያ የአዳማ ነፋስ አቧራውን ሳያስነሳ። እሱ መጀመሪያ ላይ እንደ ተጫነ መኪና ነበር የሚተነፍሰው፤ ዳገቷ ጋ ሲደርስ ወገቡን ይዞ ይቆምና «ዘይኑ፣ እኔን ትተሽ ሂጂ፣ ለልጄ ንገሪያት» ይላል። በሳቅ እሞታለሁ። ከተጋባን ጀምሮ ጎን ለጎን ሄደን አናውቅም ነበር እኮ! እሱ መንገድ ላይ፣ እኔ ሱቅ። ለካ ባሌ ብዙ ወሬ ያውቃል። ስለ ዝዋይ ሐይቅ ወፎች፣ ስለ ልጅነቱ፣ እኔን ለማግባት እንዴት ሽማግሌ ፍለጋ እንደተንከራተተ ያን ጊዜ ነው የነገረኝ።

ንዴቱንም ያዘው። እንዴት እንደያዘው ልንገራችሁ። ሲናደድ መኪናውን ዳር ያስይዛል። ሞተር ያጠፋል፣ የእጅ ፍሬን ይይዛል፣ እጆቹን ጭኑ ላይ አድርጎ ትንፋሹ እስኪመለስ ይቀመጣል። «ራሴን እጠይቀዋለሁ» ይለኝ ነበር፤ «እኔ እስክረጋ ድረስ ይሄ ሽንኩርት ይበሰብሳል? አይበሰብስም። ታዲያ ምን አስቸኮለኝ?» ከመቂ ይደውልልኛል፦ «ዘይኑ፣ ዛሬ አንዱ ደላላ እናቴን ሰደበ።» «እና ምን አደረግክ?» «ዳር ያዝኩ!» እንደ ልጅ ነው ደስ የሚለው። ቤት ውስጥም እኔ ምላሴን ስስል «ቆይ፣ ዳር ልያዝ» ብሎ ግቢ ይወጣል። ከሰው ጋር ተጣልቶ ማሸነፍ የለመደ ሰው ከራሱ ጋር እንደዚያ ሲታገል አይቼ አላውቅም። ሻሸመኔ ጓደኞቹ ጫት ዘርግተው ሲጠሩት መኪናው ውስጥ ሆኖ ውኃውን ይጠጣል። ይስቁበታል። ይሳቁ ይላል።

እየቀለለ መጣ። ቦርጩ ሄደ። ቀበቶው ላይ አዲስ ቀዳዳ በሚስማር በሳ። ግፊቱም ወረደ፤ ሲስተሯ ስትለካው እጁን ጨበጠችው። ያን ቀን ከጤና ጣቢያው ስንወጣ እኔ ራሴ ኮራሁ። እዚያው ላይ ብንቆም ምን ነበረበት?

ከዚያ የሻሸመኔው ሰርግ መጣ። የአጎቱ ልጅ ሰርግ ነው። ሰዒድ አዲስ ሸሚዝ ለብሶ፣ ወንዶቹ ጋ ገባ። እኔ ሴቶቹ ዳስ ውስጥ ቁጭ አልኩ። ከጀርባዬ ሁለት ሴቶች ያወራሉ።

«ያ ማነው? የቆመው?»

«ሰዒድ ነዋ! የዘይነባ ባል።»

«ውይ በሞትኩት! አልቋል እኮ! ምን ሆኖ ነው?»

«ሹፌር አይደል? ያው መንገድ ላይ የሚለቀመው ነዋ። እሷንም እይያት፣ ምንም የሆነች አትመስልም።»

ዞር ስል ሁለቱም ፈገግ አሉልኝ። ሰላም አሉኝ። እኔም ሰላም አልኳቸው። በእኛ ዘንድ መወፈር መመቸት ነው አይደል? «ተመችቶሃል!» ሲባል ሰው ደስ ይለዋል። የከሳ ሰው ግን ወይ ታሟል፣ ወይ ቸግሮታል፣ ወይ ሚስቱ አታበላውም። ይህን ማን አስተማረኝ? ማንም። ሁላችንም እንዲህ ነው የምናየው።

የባሰው ገና ይመጣ ነበር። እናቱ፣ እማ ሐዋ፣ ካረጁ ወዲህ ከሚኖሩበት ከደሴ መጥተው ነበር። ልጃቸውን ጉንጩን ዳበሱት፣ ክንዱን ጨበጡት፣ ከዚያ ሰው ሁሉ እየሰማ ወደኔ ዞሩ። «አንቺ፣ ልጄን እንዲህ አድርገሽ ነው የያዝሽልኝ? ሱቅሽ በቅመም ተሞልቶ የኔ ልጅ አልጫ ይብላ?» ሰዒድ እየሳቀ «ኧረ እማ፣ እንደዛሬ ተሽሎኝ አያውቅም! ሐኪም ነው ያዘዘኝ» አላቸው። ማን ሊያምነው! እኔ ግን አንዲት ቃል አልተናገርኩም። እኔ፣ ገበያ ውስጥ አፌን የሚችለው የሌለ ሴትዮ፣ «አዎ እማ፣ ሐኪም ነው፣ ድኖልኛል» ማለት አቃተኝ። አፈርኩ። በምን? በዳነ ባሌ አፈርኩ።

አዳማ በተመለስን በማግስቱ ምስር ሠራሁለት። በሰማያዊዋ ድስት። እሱ ግቢ ውስጥ ዱዓ እያደረገ ነበር፤ ድምፁ ይሰማኛል። ከጨው ዕቃው በሁለት ጣቴ ቆንጥሬ ጨመርኩ። ማንም አልያዘኝም፣ ማንም አልገፋኝም። እጄ ነው። እኔ ነኝ። ከዚያ ከንጥር ቅቤው በማንኪያ ጫፍ ጨመርኩ።

ጎረሰና ቀና አለ። «ዘይኑ! ዛሬ ምን አደረግሽበት? ጣመኝ እኮ!»

«ምንም። ምላስህ ለምዶት ነው» አልኩት።

ፊቱ እንዴት እንደበራ! «አየሽ? አየሽ? ሲስተሯ ብላኝ ነበር፤ ምላስ ይለምዳል፣ ታገስ ብላኝ ነበር!» ልጁን ጠርቶ ነገራት። ምላሱን ያሸነፈ መስሎት ልጁን ጠርቶ ነገራት። እኔ ቆሜ አየሁት።

አንድ ቀን ብቻ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ይህን አልነግራችሁም። ቁንጥጫው ማንኪያ ሆነ፣ የማንኪያው ጫፍ ሙሉ ማንኪያ ሆነ። ሰዒድ ፊቱ ሞላ። ገበያ ውስጥ «ማሻአላህ፣ ተመለሰልሽ!» አሉኝ፤ እኔም አንገቴን ቀና አድርጌ ሄድኩ። ሐሜቱን ብቻ ፈርቼ ነው ብል እዋሻለሁ። ሌላም ነገር ነበረበት። ሰዒድ ራሱን የሚገዛ ሰው ሆነ፤ እኔ ግን ያው ዘይነባ ነኝ፣ ደንበኛ ላይ የምጮህ፣ ሲከፋኝ ማንኪያ የምወረውር። እሱ ዳር ሲይዝ እኔ መሀል መንገድ ላይ ብቻዬን ቀረሁ። ያ ከአጥሩ ማዶ «ራበኝ!» ብሎ የሚጮኸው ሰዒድም ናፈቀኝ። ሰው የዳነ ባሉን ትቶ የታመመውን ይናፍቃል? እኔ ናፈቅኩ።

የሚለካበት ቀን ደረሰ። አብሬው ገባሁ። ግፊቱ ወጥቷል። ሲስተሯ «ጨው ጀመሩ እንዴ?» አለችው። «ወላሂ አልቀመስኩም! በልጄ ይሁንብኝ!» አለ። ወደኔ ዞረች። «ምግቡን የሚሠሩት እርስዎ ነዎት፣ እህቴ?»

እዚህ ላይ ማምለጥ እችል ነበር። ሲስተሯ በሩን ከፍታልኝ ነበር። እኔ ግን ምን አልኩ? «እኔ ነኝ። ጠብ የምትል ጨው የለችም» አልኩ። ዓይኗን እያየሁ። ባሌ አጠገቤ ተቀምጦ። እሱ ደግሞ ምስክርነቴን ሰምቶ እጄን ያዘኝ፣ አመሰገነኝ።

«እንግዲያው ጭንቀት ይሆናል፣ አቶ ሰዒድ። ውስጥዎን ይፈትሹ» አለችው። መድኃኒቱንም ጨመረችለት።

ውስጡን መፈተሽ ጀመረ! ምን ሊያገኝ? ጥፋቱ ድስት ውስጥ ነው፣ እሱ ልቡ ውስጥ ይፈልገዋል። ያጭበረበረውን ደላላ ሄዶ ታረቀው። ከታናሽ ወንድሙ ጋር የቆየ ቂም ነበረው፣ ደውሎ አለቀሰለት። ሻዩን ያለ ስኳር ጠጣ። ማታም መራመድ ጀመረ። እየሄደ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፤ ምን እያልክ ነው ስለው «ዘይኑ፣ ንዴቱ ከውስጤ አልወጣም ማለት ነው። ውጭውን ነው ያጠብኩት» ይለኛል። «አብሽር፣ ይወጣል» እለዋለሁ። አብሽር! በምን አፌ ነው ያልኩት?

ለምን አላቆምሽም ትሉኝ ይሆናል። አቆምኩ እኮ። ፈርቼ ጨውን ተውኩ። በሁለተኛው ቀን ጎረሰና «ምነው ዛሬ ጣዕሙ ጠፋብኝ? ምላሴም ከዳኝ እንዴ?» አለ። በአንዴ ካቆምኩ ሊነቃብኝ ነው። በማግስቱ መለስኩት። ይኸው ነው ምክንያቴ፤ እንዳልያዝ ብዬ። ባሌ ከሚያውቅብኝ ባሌ ይታመም።

ከዚያ ሰዒድ ሰለቸ። መጀመሪያ የጠዋቱ ጉዞ ቀረ። ስቀሰቅሰው «ተይኝ እስቲ፣ ለውጥ ላያመጣ» ይላል። ቀጥሎ አንድ ቀን ከሻሸመኔ ሲመለስ ጉንጩ አረንጓዴ ሆኖ አየሁት። አልደበቀኝም። «ካልሆነ አልሆነም፣ ዘይኑ። እኔ የምችል ሰው አይደለሁም» አለኝ። የምትችል ሰው ነህ ማለት ነበረብኝ። ችለህ ነበር፣ እኔ ነኝ ያበላሸሁብህ ማለት ነበረብኝ። ሳህኑን አነሳሁና ወጣሁ።

ስልኩ የተደወለው ባቱ አካባቢ ከነበረ ሰው ነው። «እህቴ፣ ባለቤትሽ መኪና ውስጥ ነው፣ አይናገርም» አለኝ። ግራ ጎኑ ከድቶት ነበር። ግን መኪናውን ዳር አስይዟል። ሞተሩን አጥፍቷል። የእጅ ፍሬን ይዟል። ገበያ የወጣ ሰው ሞልቶ ነበር፣ እንዲያ ባያደርግ ኖሮ ሰው ይጨርስ ነበር አሉኝ። እዩት እንግዲህ፤ ጎኑ እየሞተ እንኳ ዳር ያዘ። ይሄ ነው ራሱን መግዛት ያቃተው ሰው?

ቤት ገባ። አልጋ ላይ ዋለ። ያን ጊዜ ነው ድስቷን ያከበርኩት፣ ካለፈ በኋላ። ጨው የለም፣ ቅቤ የለም። በመጀመሪያው ቀን አጎረስኩት፣ አላመጠና ረጅም ጊዜ ዓይኔን አየኝ። በተጎተተ አፉ «ይሄ… የድሮው ነው» አለኝ። አውቆ ይሆን? ዛሬም ድረስ እጠይቃለሁ። ካወቀ ለምን አልጠየቀኝም? ካላወቀ ለምን እንደዚያ አየኝ? ብጠይቀው ኖሮ ይነግረኝ ነበር። አልጠየቅሁትም።

አረፋ መጣ። በእኛ ቤት በአረፋ ማለዳ ሁሉም ለሁሉም «አፉ በለኝ» ይላል፤ የበደልኩህ ካለ ይቅር በለኝ ማለት ነው። ባል ለሚስት፣ ልጅ ለእናት፣ ጎረቤት ለጎረቤት። እኔ ሌሊቱን ሙሉ ሳልተኛ ቃሌን አዘጋጅቼ ነበር። ነጋ፤ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ፣ አፌን ከፈትኩ። ሰዒድ ቀደመኝ። በደህናው እጁ እጄን ያዘና እያረፈ፣ እያረፈ እንዲህ አለኝ፦

«ዘይኑ… አፉ በይኝ። አንቺ ለብቻዬ እያበሰልሽ… እንዲያ ለፋሽ። እኔ ግን ራሴን መያዝ አቃተኝ። ልፋትሽን… ከንቱ አደረግኩት። አፉ በይኝ።»

እኔስ ምን አልኩት? እንዳትጠየፉኝ። «አፉ ብዬሃለሁ» አልኩት። ይቅር አልኩት! እኔ የሠራሁትን ጥፋት እሱን ይቅር አልኩት። ዕንባው ወረደ፣ ቀለለው፣ «አላህ ይስጥሽ» ብሎ መረቀኝ። የሚቀጥለው አረፋ ሳይደርስ ሞተ።

ለቅሶ ላይ ምን ተባለ መሰላችሁ? «ምስኪን ሚስቱ ምን ያላደረገችው አለ፤ እሱ ነው ራሱን ያልጠበቀው።» ሰማሁ። ነጠላዬን አፌ ላይ አድርጌ ዝም አልኩ። ዓመታት ዝም አልኩ።

ዛሬ ለምን አወራሁ? በልጄ የተነሳ ነው። ሀናን ሞጆ ደረቅ ወደብ ትሠራለች፤ ቀኑን ሙሉ በዕቃ፣ በሰነድና በሚጮህ ባለንብረት መሀል ነው የምትውለው። ባለፈው ሰሞን ራሷን አሟት ተለካች፤ የአባቷ በሽታ ነው። ተራመጂ፣ ጨው ቀንሺ፣ አትጨናነቂ ብለዋታል። መጥታ ሱቄ ውስጥ ጆንያ ላይ ተቀመጠችና ምን አለችኝ? «ተይው እማዬ፣ አልሞክረውም። አባዬ ሞክሮ አልቻለም። እኔም የሱ ልጅ ነኝ፤ በደማችን ራስን መያዝ የለም።» ትንሽ ሳቅ አለች። የአባቷ ሳቅ ነው። አባቷን በቁንጥጫ ጨው ገደልኩት፤ እሷን በዝምታዬ ልገድላት ነው እንግዲህ?

አርብ ምሳ ትመጣለች። ሰማያዊዋን ድስት ከቁም ሳጥኑ ላይ አውርጄ አጥቤያታለሁ። ምስር እሠራለሁ፣ ያለ ጨው። ካበላኋት በኋላ እነግራታለሁ፤ ትጠላኝ ይሆናል፣ ደጄን አትረግጥ ይሆናል። ትጥላኝ። አባቷን ግን አትናቀው።

እናንተን አፉ በሉኝ አልላችሁም። አፉ ሊለኝ የሚችለው ሰው አንድ ነበር፤ እሱም እጄን ይዞ ከኔ ለመነው። ይልቅ አንድ ነገር ያዙልኝ፣ አርብ አንደበቴ ቢያዝ እንኳ ይህ ከኔ ጋር እንዳይቀበር። ሰዒድ ጨው አልቀመሰም። ቃሉን አልበላም። ሰዒድ ራሱን ይዞ ነበር፤ ያስለቀቅሁት እኔ ነኝ።